«ፈታ በል» የማይፈታው ጭንቀት፦ ኑሮ፣ ሙቀት፣ ጫትና እንቅልፍ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ ፊቱ የጠቆረ ሰው የሚደርሰው የመጀመሪያ ምክር የታወቀ ነው፦ «ፈታ በል አቦ!» ከተማዋ በጨዋታዋና በግልጽነቷ ስለምትታወቅ ተጨንቆ መታየት ራሱ ያሳፍራል። ስለዚህ ሰው ጭንቀቱን ስም ሳይሰጠው ይዞት ይዞራል። ጨጓራዬ ላጠኝ ይላል፤ ራሴን ይወጋኛል፣ ጭንቅላቴ ይግላል፣ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል ይላል። እንቅልፍ እንደራቀው የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከዚያ ነው።

የሚያስጨንቅ ነገር መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኑሮው በጂቡቲ መስመር ከሚገባ ዕቃ ጋር ለተሳሰረ ከተማ የዶላር ወሬ ማለት በከተማዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የሚጠየቅ ዋጋ ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቁብ ቀን ደግሞ አይጠብቁም። ይህን ሸክም ከሰው ትከሻ የሚያወርድ የትንፋሽ ልምምድ የለም፤ አለ የሚል ካለ አትመኑት። ነገር ግን ተመሳሳይ ሸክም ከተሸከሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚዘልቅበት ምክንያት አለ። ዋናው ነገር ሰውነት በየቀኑ ከውጥረቱ ወጥቶ ወደ ቦታው መመለስ መቻሉ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የመመለሻ ሰዓት የሚበሉት ሙቀቱ፣ ጫቱና ስልኩ ናቸው። ሦስቱም የሚበሉት ሌሊቱን ነው።

ትራፊኩ ሲያፏጭ

አንድ የባጃጅ ሾፌር እንውሰድ። ባጃጇ የእሱ አይደለችም፤ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ከዚራ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ አፏጨበት። ገና ፍሬን ሳይረግጥ፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ ከኩላሊቶቹ አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ለቀዋል። ልቡ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ደም ከሆድ ዕቃው ወደ ጡንቻው ይሄዳል፣ መዳፉ ያልበዋል፣ አፉ ይደርቃል። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ከመቶ ዓመት በፊት «ተፋለም ወይም ሽሽ» ብሎ የገለጸው ምላሽ ይህ ነው። ሾፌሩ ግን ሊፋለምም ሊሸሽም አይችልም። መንጃ ፈቃዱን ይሰጣል፣ ይለማመጣል፣ የቅጣት ወረቀቱን ይቀበላል።

ሁለተኛው ማዕበል ቀስ ብሎ ይደርሳል። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ፒቱታሪ ለተባለችው ዕጢ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ አድሬናል ዕጢዎችን ታዛለች፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ወደ ደም ይገባል። ደም ውስጥ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ነገሩ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ሰው ጭቅጭቁ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ ውሃ ባቀረበችለት ልጁ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ነገሩ አልቋል፣ ሆርሞኑ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ኮርቲሶል ስኳር ወደ ደም ያወጣል፣ ንቃትን ይይዛል፣ በኋላም ወደ አንጎል ተመልሶ «ይበቃል» የሚለውን መልእክት ያደርሳል። ሌላ ነገር ካልተጨመረ ሰውነት ከአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይረጋጋል።

ሌላ ነገር ግን ይጨመራል። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ተሠለፈ፣ ባለቤቱ ደወለ፣ ተሳፋሪ በሂሳብ ተጨቃጨቀው። አንዱ ሳይበርድ ሌላው ይደረባል። ሃንስ ሴልየ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ መነሻነት ሰውነት መጀመሪያ እንደሚደነግጥ፣ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፣ በመጨረሻ እንደሚዝል ጽፏል። ከሱ በኋላ የመጡት አንድ ነገር አርመውታል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሆርሞኑ አልቆ ሳይሆን ሳይቋረጥ ከመሥራቱ የተነሳ ነው። የደም ግፊት ከፍ ብሎ ይለምዳል፣ ስብ ሆድ አካባቢ ይከማቻል፣ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስኳሩ ይዋዥቃል። በሽታ የመከላከል አቅምም ይደክማል። እንግሊዝ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት 394 ጤነኛ ፈቃደኞች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተደርጎላቸው ሲታይ፣ ጫናው የበዛባቸው ይበልጥ በቫይረሱ ተይዘው ተገኝተዋል።

ስለ ጨጓራ አንድ ነገር እዚህ ጣል እናድርግ። ብዙ ሰው ጨጓራው የቆሰለው በብስጭት እንደሆነ ያምናል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ተጠያቂው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን በማሳየታቸው ነው። ውጥረት የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴ ያዛባል፣ ሕመሙንም ያጎላዋል፤ ቁስል ካለ ግን በምርመራ ታይቶ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየገዙ ወራት መክረም ሁለቱንም ችግር ሸፍኖ ማቆየት ነው።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የቅጣት ወረቀት ተቀብለው አንዱ ረስቶት ሲውል ሌላው ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድረው ለምንድን ነው? የሥነ ልቦና ምሁሩ ሪቻርድ ላዛረስ እንዳብራራው አእምሮ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ይህ ነገር ይጎዳኛል ወይ?» እና «እወጣዋለሁ ወይ?» የመጀመሪያው መልስ «አዎ»፣ የሁለተኛው ደግሞ «አይ» ሲሆን ምላሹ ይበረታል። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ መቀየር ባይቻልም ሁለተኛውን በጥቂቱ መቀየር ይቻላል። አንድ የሚደወልለት ሰው፣ አንድ የተራዘመ ቀን፣ አንድ ተለዋጭ መንገድ ይበቃል።

ከ8 ሰዓት እስከ ሌሊት 8 ሰዓት

ስለ ጫት ድሬዳዋና ሐረር ላይ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ቃሚው ስብከት መጣ ብሎ ይሸሻል፣ የማይቅመው ደግሞ እንዲረገም ይጠብቃል። እዚህ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጫት ጭንቀትን ምን ያደርገዋል?

ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። ከተቆረጠ በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ የሚወጡት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ በርጫ (ከሰዓት በኋላ የሚደረግ የጫት ቁጭታ) የተቀመጠ ሰው ካቲኖኑ ደሙ ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ ምርቃናው ይመጣል። ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሐሳቡ ይጠራል፣ ጓደኛው ይወደዳል፣ ዕዳው ያንሳል። በምርቃና ፎቅ መሥራት የሚባለው ቀልድ ከእውነታ የራቀ አይደለም፤ «እወጣዋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለጊዜው «አዎ» የሚል መልስ አግኝቷል።

ችግሩ ሰውነቱ በዚያ ሰዓት ያለው ትራፊክ ሲያፏጭበት ከነበረው ብዙም በማይለይ ሁኔታ ላይ መሆኑ ነው። ስሜቱ እፎይ አለ፤ ልቡና የደም ሥሮቹ ግን ገና ሥራ ላይ ናቸው። ካቲን ደግሞ ከካቲኖን ይልቅ ይቆያል፤ ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 12 ሰዓት ላይ ገራባውን (የጫቱን ትራፊ) ጥሎ የተነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ዓይኑ ቢፈጥጥ ሊገረም አይገባም። ምሽት ላይ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይገባል፤ ቀን የተገፉት ሐሳቦች በሙሉ ተሰልፈው ይመለሳሉ። ያንን ለማምለጥ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ይኬዳል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሰውየው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለሥራ ሲነሳ የተኛው 5 ሰዓት ነው፤ እሱም የተቆራረጠ። ያልተኛ አንጎል በማግስቱ ለትንሽ ነገር ይበልጥ ይደነግጣል፤ ጠዋት ሐራራው (የጫት አምሮቱ) ሲጨመር ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። ገንዘቡም አለ፤ ያስጨነቀው ዕዳ ከነበረ የዛሬው ዙርባ (የጫት እስር) ዕዳው ላይ ተጨምሯል።

መተው ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ ንጭንጭና ዱካክ (ቅዠት) ይዘው እንደሚመጡ ማወቅ ይጠቅማል፤ ባብዛኛው በቀናት፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። ብዙዎች የሚወድቁት ይህን ድካም «ያለ ጫት አልሆንም ማለት ነው» ብለው ስለሚተረጉሙት ነው። መተው ለማይፈልግ ደግሞ ትልቁ ለውጥ ከሰዓቱ ይመጣል፦ በርጫውን ወደ ቀትር ማስጠጋትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ ቅጠል አለመጨመር፣ አስቀድሞ ደህና አድርጎ መብላት፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጨርሶ አለመቃም። መቃሙን እስከ ሌሊት ማስቀጠል ግን የነገውን ጭንቀት ዛሬ እንደ መግዛት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ከዚህ ቀደም ድምፅ መስማት ወይም «ያሳድዱኛል» ማለት የጀመረ፣ ወይም ይህ በቤተሰቡ ያለ ሰው ስለ «ልክ» መነጋገር የለበትም፤ ጫት ለእሱ አይሆንም።

ቡናም ከዚሁ ጉዳይ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይቆያል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ ሁለተኛ ስኒ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ውስጥ ነው። ሐረሮች የሚወዱት ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ካፌይን እንዳለው ብዙ ሰው አያስብም።

የሚግል አልጋ

ሰው እንቅልፍ የሚወስደው የውስጥ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ነው። ድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮና ብሎኬት ደግሞ ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ሰውነት ሙቀቱን ለማውረድ ልብን ያሠራል፣ ያልባል፣ ይገላበጣል። በሙቀት ወር ግጭት የበዛበት ቤት የሚጣላው በባሕርይ ብቻ አይደለም።

የሚሠራው ዘዴ ውድ አይደለም። ፀሐይ የሚያርፍበትን መስኮት ቀን መጋረድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግራና ቀኝ ከፍቶ አየሩን ማሳለፍ፤ ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ወይም እግርና ክንድን ማራስ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ቬንትሌተር ሰው ላይ ብቻ ሲነፋ የክፍሉን ትኩስ አየር ያማስላል፤ ውጪው ሲቀዘቅዝ ወደ መስኮት አዙሮ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ግቢ ወይም በረንዳ ላይ የሚተኛ ሰው አጎበሩን አይርሳ፤ ድሬዳዋ የወባም የደንጌም የቺኩንጉንያም ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት።

ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ ማረፍ የዚህ ከተማ ጥሩ ልማድ ነው፣ በአግባቡ ከተጠቀሙበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለ የቀትር እንቅልፍ ከ9 ሰዓት በፊት ካለቀ የሌሊቱን አይነካም። ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን ከሌሊቱ የተቀነሰ ነው። ሁሉንም የሚያስተካክለው አንድ ነገር ይምረጡ ከተባለ ምርጫችን የመነሻ ሰዓት ነው፦ ምንም ሰዓት ቢተኛ በየቀኑ፣ እሑድም ጭምር፣ በአንድ ሰዓት መነሳት። ኮርቲሶል ጤነኛ ሰው ላይ ከነቃ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ይህ ዑደት የሚስተካከለው ከጠዋቱ በኩል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ያንቀላፋል፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚያው ላይ ነው።

ስልኩን በአጭሩ እንለፈው። ማታ ቴሌግራም ላይ የጦርነት ዜናና የምንዛሪ ግምት መከታተል ትራፊኩን አልጋ ድረስ ይዞ መግባት ነው። ቻርጀሩን ከአልጋው ርቆ ሌላ ክፍል ወይም ሳሎን መሰካት ከማንኛውም ቆራጥነት የተሻለ ይሠራል።

ወረቀትና ትንፋሽ

ጭንቀትን ለመቋቋም የሚደረገው ነገር በሁለት ይከፈላል፤ ችግሩን መንካትና ስሜቱን ማብረድ። ስህተቱ ቦታ ማለዋወጥ ነው። መክፈል የሚቻል ዕዳ እያለ በጸሎት ብቻ መጠበቅ ወይም ምንም ሊደረግ በማይችለው የዶላር ዋጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሂሳብ መሥራት፣ ሁለቱም ያደክማሉ።

ስለዚህ ወረቀት። ማታ፣ አልጋ ላይ ሳይወጡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። የሚያስጨንቀውን በሙሉ በአንድ መስመር አንድ አድርጎ መጻፍ። የዚያ ሾፌር ወረቀት ለምሳሌ ይህን ይመስላል፦ የትራፊክ ቅጣት፤ የሐሙስ ዕቁብ፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፤ የዶላር ነገር፤ የእናት ስኳር። ከዚያ በእጁ ያለበትን ምልክት ያደርግበታል። ዶላር ይወጣል። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀጣይ ሥራ፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ይጽፋል። «ዕዳ መጨረስ» ሥራ አይደለም፣ ምኞት ነው። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ለዕቁቡ ዳኛ ደውዬ በዚህ ወር ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ እንድንለዋወጥ መጠየቅ» ሥራ ነው። «እናቴን ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ወስጄ ስኳሯን ማስለካት» ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ የቀጣይ ቀናት ሥራቸውን የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል፤ ዝርዝሩ በዝርዝር በተጻፈ ቁጥርም ይበልጥ ረድቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በምርቃና የተጻፈ ዕቅድ ጠዋት ሳይነበብ ገንዘብ አይውጣበት።

ትንፋሽ ለሌላው ግማሽ ነው፣ ለማይነካው ችግርና ለድንገተኛው ድንጋጤ። በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ያህል ማስገባት፣ ለ6 ሰከንድ ማስወጣት፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ። አየር ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገያል፤ ሥራውን የሚሠራው የማስወጣቱ ርዝመት ነው። ሰው «በኃይል ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ነፍቶ ደጋግሞ ይስባል። ያኔ ከደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ «ልሞት ነው» የሚለው ስሜት ይብሳል። ይህ ከተሰማ ልምምዱን መተው ሳይሆን አገባቡን ማሳነስ ነው፤ ሆድ ላይ እጅ አድርጎ፣ ትከሻ ሳይነሳ። ሌላው ስህተት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ሲጨንቃቸው መሆኑ ነው። በሰላሙ ቀን ጠዋትና ማታ ያልተለማመደ ትንፋሽ በጭንቁ ቀን አይገኝም።

አካላዊ እንቅስቃሴም መድኃኒት ነው፤ የተዘጋጀው ጡንቻ ሥራ ያገኛል። እዚህ ከተማ የሚሆነው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። በሳምንት ለአምስት ቀናት 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 150 ደቂቃ ጋር እኩል ይሆናል።

ለቅሶ ያለውና የሌለው ሐዘን

ሰው ሲሞት ይህ አካባቢ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሐረር ላይ አፎቻው (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) ይሰበሰባል፣ ምግብ ይመጣል፣ ሰው ምንም ሳይናገር አጠገብ ይቀመጣል። ማንም ሐዘንተኛውን «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን» አይለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአደጋ በኋላ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ የሚለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ደህንነቱን፣ ውሃና ምግቡን፣ ዘመዱን አስቀድም፤ እንዲተርክ አታስገድድ። አንዴ ብቻ ሰብስቦ የደረሰውን በዝርዝር ማስተረክ ድሮ የተለመደ ነበር፤ ጥናቶች ሲገመገሙ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ስለታየ ቀርቷል።

የደቻቱ ወንዝ ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ ጎርፉ የመጣው ከደጋው ዳገት ነበር፣ ሰው በተኛበት። ከእንዲህ ያለ ነገር የተረፈ ሰው ለሳምንታት መባነኑ፣ ደጋው ሲጠቁርና ነጎድጓድ ሲሰማ መንቀጥቀጡ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና ይረጋጋል። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ቅዠቱ ካልለቀቀ፣ ሰውየው ቦታውንና ወሬውን እየሸሸ ሥራው ከተስተጓጎለ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል። ዓመታት ካለፉም በኋላ ይረዳዋል።

ለቅሶ የሌለው ግን ዕዳ ነው። ሥራ ማጣት፣ ፍቺ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጅ መመለስ፣ የንግድ ኪሳራ ድንኳን አይተከልላቸውም። «ገመናዬ ነው» ተብለው ይዋጣሉ። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ነገር በእርግጥም ሆድን ይፈጃል። በሌላ በኩል ደግሞ ማውራት ሁሉ አያቀልም። በርጫ ላይ አንድ ዓይነት ብሶት በየቀኑ ማመንዠክ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እያባባሰ መቀጠል፣ ሁሉንም ከገቡበት አክብዶ ያወጣል። ልዩነቱን ለማወቅ ጨዋታው ሲያበቃ አንድ የሚሠራ ነገር ተገኘ ወይስ አልተገኘም ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሚያዳምጠው ሰው ሥራም ከባድ አይደለም፤ «አብሽር፣ ይሄማ ምን አላት» ብሎ ከማጣደፍ በፊት «ማታ ትተኛለህ ወይ? ምን በላህ? ማንን እናናግር?» ማለት ነው። አፎቻና ዕድር ለሞት ያላቸውን ደንብ ለኪሳራና ለሕመም ቢያሰፉት ከብዙ የምክር ስልጠና ይልቅ የሚበጅ ይመስለናል።

መቼና የት

የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያም ሲሠራበት የኖረ 20 የአዎና የአይደለም ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለው፤ ያለፉትን 30 ቀናት ይመለከታል። ራስ ምታት አለ ወይ? የምግብ ፍላጎት? እጅ መንቀጥቀጥ? የሆድ መረበሽ? ለመወሰን መቸገር? ማልቀስ? አብዛኞቹ ሰው ለሐኪም ራሱ ከሚናገራቸው ናቸው። ምልክቶቹ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከቀጠሉ፣ ሥራ ወይም ቤት ከተበላሸ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ጫቱ ወይም መጠጡ ከጨመረ ጊዜው ነው። ሕይወትን ስለማጥፋት ለሚጠይቀው መልሱ አዎ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ በዚያው ቀን፣ ሰው ሳይለየው፣ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ገመድ፣ መርዝና መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሳ።

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይኬዳል፤ ለቀላሉ ደግሞ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መነሻ ይሆናል። ዱዓውም ጸበሉም ወደ ቁልቢ መሄዱም አይከለከልም፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን በስለት ምክንያት አይቋረጥም። ፋርማሲ ጎራ ብሎ ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መግዛት የባሰ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀረብ «ጨጓራዬን» ብሎ ማቆም ሳይሆን አምስት ነገር ቆጥሮ መናገር ጊዜ ይቆጥባል፦ ስንት ሰዓት እንደሚተኙና ስንቴ እንደሚነቁ፤ በቀን ምን ያህል ጫት፣ ቡና፣ ሲጋራና መጠጥ እንደሚወሰድና የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደሆነ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የሐበሻውንም ጨምሮ፤ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ወር ምን እንደተለወጠ፤ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ። የጫቱን መጠን አሳንሶ መናገር የተለመደ ነው። ሐኪሙ ግን ግፊቱንና የልብ ምቱን ይዞ በዚያ መጠን መድኃኒት ያዛል፤ የተደበቀው ዙርባ የተሳሳተ መድኃኒት ያሳዝዛል። የደም ግፊት የሚለካውም ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከጫት ደግሞ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ርቆ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ቢሆን ይሻላል።